ለአንድ አዳራሽ ስንት ዘበኛ ይበቃል?

ጂኦሜትሪ ከፈተና በኋላ የሚረሳ ትምህርት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ቪክተር ክሊ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ግድግዳው ወዲያና ወዲህ የሚታጠፍ የሥዕል አዳራሽ ቢኖር፣ አንድም ስፍራ ሳይታይ እንዳይቀር ስንት ዘበኛ ይበቃል? ዘበኛው ከቆመበት ሳይነቃነቅ ዙሪያውን ያያል።

በ1975 ቫሼክ ኽቫታል መለሱ፤ የጥጎቹን ቁጥር ለሦስት አካፍሎ ቀሪውን መተው ነው። ባለ20 ጥግ አዳራሽ 6 ዘበኛ ይበቃዋል።

ስቲቭ ፊስክ በ1978 ያሳተሙት ማስረጃ አጭር ነው። አንባቢ ሆይ፣ እርሳስህን አንሣና የአዳራሹን ንድፍ ከጥግ ወደ ጥግ በተሰመሩ በማይቋረጡ መስመሮች ወደ ሦስት ማዕዘኖች ከፋፍል። ከዚያም ጥጎቹን በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ ቀባ፤ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሦስቱንም ቀለም ይያዝ። ይህ ሁልጊዜ ይቻላል። ቁጥሩ ባነሰው ቀለም ላይ ዘበኞችህን አቁም፤ ያልታየ ስፍራ አይኖርም።

ይሁን እንጂ 6 ይበቃል ማለት 6 ያስፈልጋል ማለት አይደለም፤ ወደ ውስጥ የገባ ጥግ የሌለው አዳራሽ አንድ ዘበኛ ይበቃዋል። ለማናቸውም ቤት ትንሹን ቁጥር ቶሎ የሚያወጣ ስልት ግን፣ በኮምፒዩተርም ቢሆን፣ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ደመወዝ ከፋዩ መሥሪያ ቤት የሚሻው ደግሞ ይህንኑ ቁጥር ነው። እንግዲህ ለተማሪ ገና ሥራ አለ።