ግድግዳው የሚጠጣው ውኃ፤ በቅርስ ቤቶች የእድሳት ፈቃድ ላይ የቀረበ አስተያየት

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖር አንድ የቤት ባለቤት ግድግዳውን ለመለሰን፣ የእንጨቱን በር በብረት ለመለወጥ ወይም ጣሪያውን ቆርቆሮ ለማልበስ ቢያስብ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ በቅርስነት ለተመዘገቡ ቤቶች መርሑ አንድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ባለቤቱ ቅርሱን በራሱ ወጪ እንዲንከባከብ ግዴታ ጥሎበታል፤ የጥገና ሥራው ግን ያለ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዳይጀመር ደንግጓል። የባለቤቱ አቅም በማይፈቅድበት ጊዜ መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችልም አስፍሯል። በሐሳቡ የምቃወመው ነገር የለም። አስተያየቴ የሚያተኩረው ፈቃድ ሰጪው ማመልከቻውን ከተቀበለ በኋላ በሚያነሣው ጥያቄ ላይ ነው። እንደማየው ከሆነ ጥያቄው በአመዛኙ ከመልክ የሚያልፍ አይደለም፤ ቀለሙ ከሰፈሩ ጋር ይስማማል ወይ? በሩ የጥንቱን ይመስላል ወይ? ከመንገድ ሲታይ ያስቀይማል ወይ?

ሐረር ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ዩኔስኮ ስለ ከተማይቱ ባሰፈረው መግለጫ ላይ የጥንቱን ይዘት ቀስ በቀስ እየጎዱ ያሉ ለውጦች ተብለው የተጠቀሱ አሉ፤ የድንጋይ ቤቶችን መለሰን፣ የእንጨት በሮችን በብረት መተካት፣ የቆርቆሮ ጣሪያና የቴሌቪዥን አንቴና ይገኙባቸዋል። አንባቢ ይህን ዝርዝር ለአፍታ ቆም ብሎ ይመልከተው። አራቱም ነገሮች በአንድ ረድፍ ቆመዋል፤ ለዓይን እኩል ያስቀይሙ ይሆናል። ለሕንፃው ግን ፈጽሞ እኩል አይደሉም። አንቴና ነገ ሊነቀል ይችላል፤ በነቀሉት ማግስት ቤቱ እንደ ነበረ ነው። የብረት በርም ቢሆን በመዓዝኑ ዙሪያ ካልሆነ በስተቀር ግድግዳውን አይነካም። የሲሚንቶ ልስን ግን ቤቱን ከውስጥ ይገድለዋል፤ አሟሟቱም ለዓመታት የማይታይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ አንደኛ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት መመለስ ይበቃል። ውኃ በቀጭን ቀዳዳ ውስጥ በገጽ ውጥረት ኃይል ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀዳዳው በቀጠነ መጠን ከፍታው ይጨምራል። የቀዳዳው ሬዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውኃው እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ 0.01 ሚሊ ሜትር ሲሆን ደግሞ እስከ 1.5 ሜትር ሊወጣ እንደሚችል ስሌቱ ያሳያል። የጀጎል ቤቶች የአካባቢውን ድንጋይ በጭቃ በማያያዝ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩም ጭቃውም በእነዚህ መጠኖችና ከእነርሱም ባነሱ ቀዳዳዎች የተሞሉ ናቸው። ከሥር ውኃ የሚያግድ ንጣፍ ስለሌለም ግድግዳው እንደ ኩራዝ ክር ከመሬት ውኃ እየጠጣ ይኖራል።

ታዲያ እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ እንዴት ቆሙ? ግድግዳው የጠጣውን ያህል ስለሚያተን ነው። ከሥር የሚገባው ውኃ በፊቱ በኩል ከሚወጣው ጋር እኩል በሚሆንበት ከፍታ ላይ የእርጥበቱ መስመር ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ደረቅ ነው። በጭቃ ምርግና በኖራ የተሸፈነ ፊት ትነቱን ያሳልፋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን መውጫው ይዘጋል፤ መግቢያው ክፍት እንደ ሆነ ይቀራል። ውኃው መውጫ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ጭቃ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከድርቀቱ በመሆኑ ማያያዣው ይለሰልሳል። ውኃው አሟሙቶ ያመጣው ጨው ደግሞ ከልስኑ በስተኋላ እየረጋ የድንጋዩን ፊት ይፈረካክሳል። ሲሚንቶና ድንጋይ በሙቀት እኩል ስለማይለጠጡ በልስኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይፈጠራሉ፤ የዝናብ ውኃ በእነርሱ በኩል ይገባል፣ መውጣት ግን አይችልም። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱ ከውጭ ሲታይ ንጹሕና አዲስ ነው። መልክን ብቻ የሚመረምር ኮሚቴ ቀለሙ ተስማሚ እስከ ሆነ ድረስ ሊያመሰግነውም ይችላል።

በዚህ ረገድ ጎንደር ትምህርት የሰጠችን ይመስለኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶና በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት ጥቅም ላይ ውሏል። ሥራው ተገቢ እንዳልነበረ በኋላ ስለታመነበት አብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ማያያዣ ተተክቷል። ሲሚንቶን ከድንጋይ ላይ መፈልፈል እንዲህ ቀላል አይደለም። ከድንጋዩ ይልቅ የጠነከረ ከሆነ ሲነሣ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይነሣል፤ ስለዚህ ጥገናውን ማረም ራሱ ሌላ ጉዳት ያስከትላል።

ብዙ ሰው፣ ግንበኛውንም ጨምሮ፣ ጠንካራ ማያያዣ ምንጊዜም የተሻለ ይመስለዋል። በአሮጌ ግንብ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማያያዣው ከድንጋዩ ደከም ማለት አለበት፤ ግንቡ ሲነቃነቅ የሚሰነጠቀው፣ ጨው ሲረጋም የሚፈርሰው እርሱ ይሁን፤ እርሱን መልሶ መሙላት ይቻላልና። ኖራ ለዚህ ተስማሚ ነው። የኖራ ድንጋይ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለቅና ከንጹሕ 100 ኪሎ ግራም ድንጋይ 56 ኪሎ ግራም ኖራ ይቀራል። ይህ ኖራ ውኃ ሲያገኝ ይፈላል፤ ከግድግዳ ላይ ከዋለ በኋላም ያንኑ ጋዝ ከአየር መልሶ እየሳበ ቀስ በቀስ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ጥቃቅን ስንጥቅ ቢፈጠርበት በዝናብ የሟሟው ኖራ ገብቶ ሊደፍነው ይችላል። ዘገምተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ሥራውን በጥቂት ቀናት አስረክቦ መሄድ የሚፈልግ ተቋራጭ የማይወደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። የጀጎል የጥንት ቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ሲሆን በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር ነው። የቀን ሙቀት ወደ ድንጋይና አፈር ሲገባ እንደ ማዕበል ይጓዛል፤ በየ15 ሳንቲ ሜትሩም ኃይሉ ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። 60 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ውስጥ ካለፈ በኋላ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ከሃምሳ አንድ እጅ አይሞላም፤ የቀትሩ ሙቀት ውስጥ የሚደርሰውም ከ15 ሰዓት ያህል በኋላ፣ ሊነጋጋ ሲል ነው። 30 ሳንቲ ሜትር አፈር እንኳ ልዩነቱን ወደ ሰባተኛ እጅ ያወርደዋል። ቆርቆሮ በዚህ ረገድ ምንም አይሠራም። በሌላ በኩል የባለቤቱን ችግር አለማየት ግፍ ነው። አፈር ያፈስሳል፣ በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል፣ ክብደቱም በካሬ ሜትር ግማሽ ቶን ሊቀርብ ይችላል፤ የተሸካሚው እንጨት ምስጥ በበላው ጊዜ ከሥሩ የሚተኛው ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ለእኔ ቆርቆሮ እንደ ሲሚንቶ በደፈናው የሚከለከል አይደለም። ከአፈሩ በላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፣ ግድግዳውን የማይነካና ተመልሶ ሊነሣ የሚችል ሽፋን ከሚያፈስስ ጣሪያ ይሻላል። ለዓይን ያስቀይማል የሚሉኝ ይኖራሉ፤ ልክ ናቸው፣ ያስቀይማል።

ተመልሶ ሊነሣ የሚችል ስል ግን ላሊበላ ትዝ ይለኛል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው በ2000 ዓ.ም. የተጠናቀቁት አራት መጠለያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ እንዲከላከሉ በጊዜያዊነት የታቀዱ ነበሩ። ጊዜያዊው ዓመታት ቆየ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማዋ ነዋሪዎች መፍትሔ ይፈለግ ብለው አደባባይ ወጡ። የስጋታቸው አንዱ መነሻ መጠለያዎቹ በአለቱ ላይ የጫኑት ክብደት ነበር። ጉዳዩን አንዳንዶች የስሜት ጉዳይ አድርገው ሲያዩት ታዝቤያለሁ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የፊዚክስ ጥያቄ አላውቅም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ በሳሳ አየር ውስጥ እንኳ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የ40 ኪሎ ግራም ያህል ግፊት ያሳድራል። ሰፊ ጣሪያ ደግሞ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ጥቂት ምሰሶዎች ያወርደዋል፤ ከምሰሶዎቹም ወደ መሬቱ። በየክረምቱ ይርስና ይደርቅ የነበረ አለት ከመጠለያ ሥር ሲገባም የእርጥበት ሁኔታው ይለወጣል። ነዋሪው በቀመር አልጻፈውም እንጂ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ከግንባታው በፊት በነዋሪው ፊት ቀርቦ፣ መጠለያው በስንት ዓመት እንደሚነሣና የሚያነሣው ማን እንደ ሆነ ተጽፎ ቢፈረምበት ይበጅ ነበር።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ የፈቃድ አሰጣጡ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ነው። ማመልከቻ ሲቀርብ በመጀመሪያ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ቀጥሎ አዲሱን ክብደት ማን እንደሚሸከም፣ ከዚያም ሥራው ስሕተት ሆኖ ቢገኝ ሕንፃውን ሳይጎዱ ማንሣት ይቻል እንደ ሆነ ይጠየቅ። ስለ መልኩ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በስንጥቅ ላይ በጄሶ የተጣበቀ ቀጭን መስተዋት ከተሰበረ ስንጥቁ እየሰፋ ነው፤ ካልተሰበረ ደግሞ ቤቱ ከድሮ ጀምሮ የተሰነጠቀ ነውና አፍርሱ የሚል ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ከግድግዳው በመሰርሰሪያ የወጣ ዱቄት በሚዛን ተመዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ደርቆ፣ እንደገና ቢመዘን የእርጥበቱ መጠን ይታወቃል። ሚዛኑም ምድጃውም በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ አሉ። ሐረር አጠገብ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጎንደር የራሷ አላት፤ ለላሊበላም ወልድያ ሩቅ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የሚሉ ተማሪዎችም አይጠፉም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ባለቤቱን የበለጠ ያጉላላዋል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እገምታለሁ፤ ተቃውሞውም ክብደት አለው። ጣሪያው በሐምሌ የሚያፈስስበት ሰው ኮሚቴ እስኪሰበሰብ መጠበቅ አይችልም። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ መልስ ያላገኘ ሰው ሦስተኛ አይመላለስም፤ አሸዋና ሲሚንቶውን ሌሊት ያስገባል። ስለዚህ በጭቃ፣ በእንጨትና በኖራ የሚደረግ የቆየውን የመመለስ ጥገና በማስታወቅ ብቻ እንዲጀመር ቢፈቀድ፣ ሌላው ደግሞ በተወሰነ ቀን ውስጥ ምክንያቱ ተጽፎ መልስ ቢሰጠው እመርጣለሁ። ኖራና ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ከሲሚንቶ ይልቅ ለማግኘት የሚከብድ ከሆነም የዋጋውን ልዩነት መሸፈን ያለበት ክልከላውን የደነገገው ወገን ነው። ቅርሱ የሕዝብ ነው እየተባለ ወጪው ብቻ የአንዲት እናት የሚሆንበት አሠራር አይዘልቅም።

በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙው ፈርሷል። ስለ ውሳኔው ተገቢነት ሌሎች ጽፈዋል፤ ተከራክረዋልም። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርተው ብዙ አሥርተ ዓመታት ከቆሙት ቤቶች መካከል ከመፍረሳቸው በፊት የግድግዳቸው እርጥበት፣ የእንጨታቸው ጥንካሬ፣ የክፍላቸው የቀንና የሌሊት ሙቀት የተለካው የስንቶቹ ነው? ፎቶግራፍ መልኩን ያስቀራል። በፎቶግራፍ አስመስሎ የሚሠራ ቤት ግን ያንን ዘመን ያህል ለምን እንደ ቆመ የማይነግረን የኮንክሪት ቤት ነው።

ለሙከራ ያህል በጀጎል ውስጥ ባለቤቶቻቸው የተስማሙ ሁለት ጎረቤት ቤቶች፣ አንዱ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሌላው በጭቃና በኖራ ያለ፣ ቢመረጡ ከአንድ ዓመት በኋላ ብዙ ክርክር ይቀርልን ነበር። ከመሬት በግማሽ ሜትር፣ በአንድ ሜትርና በአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ናሙና ይወሰድ፤ የመጀመሪያው ልኬት በጥር፣ ግድግዳው በደረቀበት ወቅት፣ ሁለተኛው በነሐሴ መጨረሻ።