የማይታየው ነፋስ

ከየካ ሰፈሮች በላይ፣ እንጦጦ ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆሙት ሁለት ቴሌስኮፖች የብዙዎቻችንን ልብ ማርከዋል። ኮከብን የማይወድ ማን አለ? እኔ ግን ከሰማይ የደረሰን ትልቁ ድርሻ በዓይን የማይታየው ነው እላለሁ።

ከፀሐይ የሚነሣ ነፋስ አለ። ኤሌክትሪክ ያዘሉ ቅንጣቶች በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረሩ ከምድር የማግኔት ጋሻ ጋር ይላተማሉ። ሲበረታ ማዕበል ይሆናል። በመጋቢት 1981 ዓ.ም. የካናዳዋን ኩቤክ ዘጠኝ ሰዓት ያህል መብራት አሳጣ፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብዙ አገሮችን ሌሊት በቀለም አጥለቀለቀ።

ቀለሙ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ነገሩ ግን ይመለከተናል። የኮምፓስ መርፌ ሽቅብም ቁልቁልም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት የምድር የማግኔት ወገብ የሚያልፈው በአዲስ አበባ አቅራቢያ ነው። ከራሳችን በላይ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቀን ቀን የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም በዚያው ሰማይ የሚፈጠሩ አረፋዎች የጂፒኤስን ምልክት ያውካሉ።

ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን አራት ኪሎ ላይ ያቋቋሙት ጣቢያ የዚህን ማግኔት ውሎ መመዝገብ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ነው። ጉልላት የለውም፤ ጎብኚም አይጎርፍለትም። ነገር ግን የዛሬው ማዕበል ክብደት የሚታወቀው ከትናንቱ መዝገብ ጋር ሲመዘን ነው። ቴሌስኮፕ ቢሰበር ሌላ ይተከላል፤ ሳትመዘገብ ያለፈች ዕለት ግን ተመልሳ አትለካም። የነገሥታትን ዜና መዋዕል የጻፉትን እንደምናከብር፣ የነፋሱን ዜና መዋዕል የሚጽፉትንም እናክብር።