ስለ ሩቅ መንገድና ስለ ሰዓት አቈጣጠር

መንገደኛን የሚጠብቅ ሰው ከመንገደኛው ይልቅ ይደክማል። መንገደኛው ያለበትን ስፍራ ያውቃልና፤ ጠባቂው ግን የማያየውን መንገድ በልቡ ሲመላለስበት ያድራል። ስለዚህ ዛሬ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ ስላለው የአየር ጕዞ ጥቂት ነገር እንናገራለን። ይህንንም የምንጽፈው ስላወቅነው ብቻ ሳይሆን ስለ ተሳሳትንበትም ጭምር ነው።

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን በጽኑ ታመው ሳሉ፥ በዋሽንግተን የሚኖረው ልጃቸው «ቅዳሜ ከጠዋቱ በ5 ሰዓት እነሣለሁ፤ መንገዱም 13 ሰዓት ነው» ሲል በስልክ ነገራቸው። እሳቸውም አስጠርተውን «አንተ የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነህና ሰዓቱን ቍጠርልኝ» አሉን። እኛም በ5 ላይ 13 ደምረን «ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ይደርሳል» ብለን ነገርናቸው። ሴትዮዋም ዐይናቸውን ሳይከድኑ ጠበቁ። 6 ሰዓት አለፈ፤ 8 ሰዓትም አለፈ፤ ልጁ ግን አልመጣም። በዚያን ጊዜ «ክፉ ነገር ደርሶበት ደብቃችሁኝ ነው» ብለው ያለቅሱ ጀመር፤ ሕመማቸውም ጸናባቸው።

ስሕተቱ የእኛ ነበር። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለችና በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ታልፋለች። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን 116 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ርቃ ስለምትገኝ ፀሓይ ቀድማ የምትወጣው ለእኛ ነው። የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት በብርድ ወራት 8 ሰዓት ነው፤ ነገር ግን አሜሪካኖች ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ሰዓታቸውን በ1 ሰዓት ወደ ፊት ስለሚገፉ 7 ይሆናል። እንግዲህ ልጁ በዚያ አገር ከጠዋቱ በ5 ሰዓት ሲነሣ በእኛ አገር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። በዚህ ላይ 13 ቢጨመር እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይሆናል።

የመንገዱ ርቀት በቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ አንድ ሲሆን ከዚህ ወደዚያ ሲኼዱ ግን ጊዜው ይረዝማል። ይኸውም ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ የአዲስ አበባ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኑም ከባድ ጭነት ይዞ ለመነሣት ስለሚቸገር ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና በመንገድ ዐርፎ ይሞላል። ሁለተኛ፥ በውቅያኖሱ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነውና ኼያጁን ይቃወመዋል፤ መጪውን ይገፋዋል።

ልጁ እሑድ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት ገደማ ከቤት ገብቶ እናቱን ሳመ። እኛም ይቅርታ ብንለምናቸው «ሰዓቱን እንጂ ልጄን አላሳጣኸኝም» ብለው መረቁን። በአምስተኛው ቀን ዐረፉ። ከቀሩላቸው ጥቂት ሌሊቶች አንዲቱን በከንቱ አስጨነቅንባቸው፤ ይህም እስከ ዛሬ ይቈጨናል።

ስለዚህ፥ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዘመዳችሁ ከሩቅ አገር መነሣቱን ሲነግራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ የነገራችሁ ሰዓት በየትኛው አገር አቈጣጠር እንደ ሆነ፥ የሚደርስበት ቀን በእኛ አገር ማን እንደሚባል፥ አይሮፕላኑም በመንገድ የሚያርፍ እንደ ሆነ። መልሱንም በወረቀት ጽፋችሁ ከሚጠብቀው ሰው አጠገብ አኑሩ።