አርባው ቀን ሲደርስ

ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን እስከ ዛሪማ ባለው አገር ሐዘን በቀብር አያበቃም። ሣልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ አለ። ለተዝካር ጠላ ይጠመቃል፣ በሬ ይታረዳል፤ የሌለው ተበድሮም ይደግሳል። እኛ ወንጌላውያን ተዝካር አናወጣም። በክርስቶስ ላንቀላፋ ሰው ድግስ የሚጨምርለት ነገር የለምና በዚህ እንጸናለን። (የመቃብር ቦታ ማጣት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ አብርሃምም ሣራን ለመቅበር 400 ሰቅል ብር ከፍሏል።)

ይሁንና ወገኖች ሆይ፣ በአርባው ቀን የኦርቶዶክሳዊቷ ጎረቤት ቤት በሰው ሲሞላ የእኛዋን መበለት ማን ይጠይቃታል? ድንኳኑ ከፈረሰ ሰንብቷል። ከከተማ የመጣው ልማድ፣ የሟች ፎቶ ያለበት ቲሸርትና ባነር፣ የቀብር ቪዲዮ፣ ለእርሷ ምን ይፈይዳል? በእኛ አስተያየት ለካሜራ የሚለቀስ ልቅሶ ከተዝካሩ አይሻልም። ተዝካሩ ቢያንስ ድሃ ያበላል።

ጌታችን ቢታንያ የደረሰው አልዓዛር ከተቀበረ ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ እንደሚያስነሣው እያወቀም ከእህቶቹ ጋር አለቀሰ (ዮሐንስ 11)።

ስለዚህ አርባው ሲደርስ የቤት ኅብረቱ ወደ ሐዘንተኛዋ ቤት ይሂድ። ለሙት ሳይሆን ለእርሷ እንጸልይ። እህሉን እኛ እንያዝ። ማሳዋ ጦም ካደረ ወንዶቹ በሬ ጠምደው ይረሱላት።