ለጎመን ጥብቅና

በአማርኛችን ውስጥ የጎመንን ያህል የተበደለ አትክልት ያለ አይመስለኝም። አንድ ደራሲ የድኻ ቤት ሊሥል ሲነሣ ጭስ ያጠቆረው ግድግዳና አንድ ድስት ጎመን ካስቀመጠ ሥዕሉ የተሟላለት ይመስለዋል። በዘመን መለወጫና በመስቀል ሰሞን የጎመን ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎው ምንቸት በምትኩ እንዲገባ የሚታዘዝበት የቆየ ልማድ አለን። «ጎመን በጤና» የምትለውን አባባል ደግሞ የምናወጣት ብዙውን ጊዜ ከምኞታችን ዝቅ ብለን ስንታረቅ ነው። ሹመቱ ሲቀር፣ ጉዞው ሲሰናከል፣ ሰው እጁን አራግፎ ይላታል። ጎመኑም ጤናውም እንደ ትራፊ ይቆጠራሉ፤ ሌላው ሁሉ ካመለጠ በኋላ ያለ ድካም የሚገኙ ነገሮች ይመስላሉ።

ውድ አንባቢያን፣ እኔ በድሬዳዋ ጓሮዬ ጎመን የማበቅል ሰው ነኝና በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ እላለሁ። ጎመን ርካሽ ነው የሚለው ምስክርነት የደጋ ሰው ምስክርነት ነው። በደጋ ክረምቱ ሲገባ ጎመን ከዝናቡ ጋር ይለመልማል። ጎተራው የሚራቆተውም በዚያው ወራት ነውና ጎመንና ችጋር አብረው ቢነሡ አይደንቅም። ከቆላ ሆነው ሲያዩት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ጥቅል ጎመን በሙቅ አገር ከትጋት በቀር በምንም አይገኝም።

ጥቅል ጎመን የቅዝቃዜ ልጅ ነው፤ የዘር ሐረጉ ከአውሮፓ ይመዘዛል። ቅጠሉን አጥብቆ የሚጠቀልለው የአየሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ25 ዲግሪ አልፎ ሲዘልቅበት ጥቅሉ ይላላል፤ ሲብስም ቅጠሉን እንደ ዘረጋ ይቀራል። ድሬዳዋ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በእጅጉ የሚያልፍባት ከተማ ናት። እንግዲህ የቆላ አትክልተኛ የመጀመሪያ ሥራው የዘመንን አቆጣጠር ማንበብ ነው። ዘሩን በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም በጥላ ሥር ባዘጋጀው መደብ ላይ ይዘራል። ችግኙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ በጥቅምት ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል። የታኅሣሥና የጥር ሌሊቶች የሚያመጡት ቅዝቃዜ ነው ጎመኑን የሚጠቀልለው። ይህን ጠባብ በር ያሳለፈ ሰው ጎመኑ ገና ሳይጠቀለል የመጋቢት ፀሐይ ይደርስበታል።

በሩን ከገቡም በኋላ ትጋቱ አያቋርጥም። ችግኝ የሚተከለው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው፤ ሌሊቱ እስኪያጽናናው ድረስ ቀትር ሊያገኘው አይገባም። በአንዱና በሌላው መካከል ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር መተው፣ ሥሩን በደረቅ ሣር ማልበስ ያስፈልጋል፤ የጎመን ሥር ብዙ አይጠልቅምና መሬቱ ሲግል ቶሎ ይጠማል። ውኃውም በልክና በሰዓቱ መሆን አለበት። ለቀናት ተጠምቶ የቆየ ጎመን ድንገት ብዙ ሲጠጣ ጥቅሉ ይሰነጠቃል። የቧንቧ ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ሊገባችሁ ይችላል፤ ሰውም ጎመንም ከአንድ በርሜል ይካፈላሉ።

ጠላቱም ትንሽ አይደለም። አንዲት ግራጫ የእሳት እራት እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ ከዚያ የሚፈለፈለው አረንጓዴ ትል ቅጠሉን ወንፊት ያደርገዋል። ይህች የእሳት እራት እንደ ዋዛ የምትታይ አይደለችም፤ በ1953 እ.ኤ.አ. በጃቫ ደሴት ዲዲቲን መቋቋሟ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ መድኃኒት ለምዳለች። እኔ የምመካው በከተማችን በየመንገዱ በቆመው የኒም ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ያድራል፤ ተጣርቶም ማለዳ ይረጫል። ከዚያ በኋላ ግን ቅጠሉን አንድ በአንድ እየገለጡ ከማየት የሚያድን ነገር የለም። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ገጽ ሳይዘሉ ማንበብ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ የዘሩ ነገር ነው። በአገራችን ብዙ የሚተከለው ጥቅል ጎመን «ኮፐንሃገን ማርኬት» ይባላል፤ ከነስሙ የሰሜን ሰው ነው። ይህ ጎመን ለማበብ ብዙ ሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች ወይም በዚያ ገደማ የሆነ ብርድ ይሻል። ቆላ ያን ብርድ አትሰጠውም፤ ስለዚህ በጓሮዬ ይጠቀለላል እንጂ አያብብም፣ ዘርም አይተውልኝም። ዓመት በዓመት እንደ አዲስ የምቀበለው እንግዳ ነው። የሐበሻ ጎመን ግን ያን ያህል ብርድ ሳይለምን ቢጫ አበባውን ያወጣል፤ ዘሩንም ለሚቀጥለው ዓመት ትቶ ያልፋል። ዎ ጃንግ-ቹን የተባለው ሊቅ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት መሠረት የሐበሻ ጎመን የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች ተዳቅለው የተገኘ ነው፤ ሁለቱ ጎመኖች እንግዲህ ዘመዳሞች ናቸው። የዚህ የራሳችን ጎመን ፍሬ፣ ጎመንዘር፣ ምጣድ ማሰሻ ሆኖ ኖሯል። ጎመንን የናቀው እንጀራ ራሱ ከምጣዱ ሳይቀደድ የሚነሣው በጎመን ውለታ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሬ ልመለስ። «ጎመን በጤና» የሚለው ቃል እውነቱ የሚገለጠው ሁለቱም ብርቅ መሆናቸው ሲታወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ጤና ማለት ከሕመም መዳን ብቻ አይደለም፤ ያለ ስጋት ውሎ ያለ ስጋት ማደር ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረውን ጦርነት ያየች አገር ይህን ጤና ትንሽ ነገር ነው ብላ ልትናገር አትችልም። ሰላም የምኞታችን ትራፊ አይደለም። እንደ ቆላ ጎመን ወቅቱ የሚጠበቅለት፣ በየማለዳው የሚታይ፣ ውኃው ቢጓደል የሚጠወልግ፣ በአንድ ቀን ጎርፍም የሚሰነጠቅ ነገር ነው። ደግሞም እንደ ጥቅል ጎመን ዘሩን ለከርሞ ላይተው ይችላልና ዓመት በዓመት እንደ አዲስ ሊተከል ይገባዋል።

የሚሞግተኝ ሰው «አባባሉ የተሠራው ለዚህ አይደለም፤ ለማጽናናት ነው» ሊለኝ ይችላል። አልክድም፤ ማጽናናትም መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን የተጓደለበት ሰው መብቱን ሲጠይቅ «ተወው፣ ጎመን በጤና» ተብሎ ዝም እንዲል ሲደረግ አባባሉ መጽናኛነቱ ይቀርና ማፈኛ ይሆናል። ጎመን የተከለ ሰው ዝም ብሎ አይጠብቅም፤ ይኮተኩታል፣ ያጠጣል፣ ትሉን ይለቅማል። «ጎመን በጤና» ለማለት መብት ያለውም እርሱ ነው።

ጥቅል ጎመንና ማጠቃለያ ከአንድ ግንድ፣ ከ«ጠቀለለ»፣ የወጡ ቃላት ናቸው። የእኔም ማጠቃለያ ይኸው ነው፤ ከእንግዲህ ደራሲዎቻችን ጎመንን ድኻ ቤት ሲያስቀምጡት፣ ማን ተክሎ፣ በየትኛው ውኃ አሳድጎ እዚያ እንዳደረሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩለት።