የ6ኛ ክፍል ውጤት ከ2ኛ ክፍል ንባብ ይጀምራል

የ6ኛ ክፍል ክልላዊና ከተማ አቀፍ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ወቅት የብዙ ወላጆች ጥያቄ «የትኛው ትምህርት ቤት ስንት በመቶ አሳለፈ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ልጁን የት እንደሚያስመዘግብ ለሚወስን ወላጅ ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም። ሠላሳ ተማሪዎችን ባስፈተነ ትምህርት ቤት የአንድ ሕፃን ማለፍ ወይም መውደቅ ውጤቱን ከሦስት በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። ደካማ ተማሪዎቹን በ5ኛ ክፍል አስቀርቶ ያስፈተነ ትምህርት ቤትም ሁሉንም ካስፈተነው የተሻለ መስሎ ይታያል።

በ6ኛ ክፍል የሚታየው ውጤት በአመዛኙ ቀደም ብሎ፣ ሕፃኑ ማንበብን በሚማርበት ወይም ሳይማር በሚያልፍበት በ2ኛ እና በ3ኛ ክፍል የተወሰነ ነው። የሒሳብ ጥያቄም ሆነ የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ በቅድሚያ የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነው። በዚህ ምዘና ተማሪው ወረቀት ላይ ምልክት አያደርግም፤ ከመዛኙ ጋር ለብቻው ተቀምጦ አጭር ታሪክ ድምፁን አሰምቶ ያነብባል፤ በአንድ ደቂቃ በትክክል ያነበባቸው ቃላት ይቆጠራሉ፤ ከዚያም ስላነበበው ይጠየቃል። መኮረጅም ሆነ መገመት አይቻልም። በዚያ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንድ ያህሉ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች የንባብ ሥርዓተ ትምህርቱና የመማሪያ መጻሕፍቱ እንደገና ተዘጋጅተዋል።

ከምዘናው በኋላ በቀጣዩ ዓመት፣ በ2003 ዓ.ም. 1ኛ ክፍል የገቡ ሕፃናት አንድም ክፍል ሳይደግሙ ቢጓዙ 12ኛ ክፍል የሚደርሱት በ2014 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነዋል። በመካከሉ የኮቪድ ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል፤ ግጭቶችም በርካታ አካባቢዎችን ጎድተዋል፤ የፈተናው አሰጣጥም ጠብቋል። ስለዚህ ውጤቱን በአንድ ምክንያት ብቻ ማስረዳት አይቻልም። ሆኖም ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ የተፈጠረ ነው ማለት ከማስረጃው ጋር አይጣጣምም።

ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ በናሙና የሚካሄደው ብሔራዊ የትምህርት ቅበላ ምዘናም የሚያሳየው ይህንኑ ነው። የ4ኛ ክፍል አማካይ ውጤት በ1992 ዓ.ም. 47.9፣ በ1996 ዓ.ም. 48.5፣ በ2000 ዓ.ም. 40.9 በመቶ ነበር። ፈተናው ምርጫ ያለው ነው፤ አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ጥያቄውን ያላነበበ ልጅ እንኳ በዕድል ብቻ ከመቶ 25 ያህል ሊያገኝ እንደሚችል ሲታሰብ፣ 40.9 ከሚመስለው ያነሰ ቁጥር ነው። በሌላ በኩል እነዚያ ዓመታት ከዚህ በፊት የትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ ሚሊዮኖች የገቡባቸው ናቸው። ማሽቆልቆሉ ሁሉ የማስተማር ድክመት አይደለም፤ ቀድሞ ያልተመዘኑ ሕፃናት መመዘን መጀመራቸውም አለበት።

ወላጅ በቤቱ ልጁን ሲመዝን የሚያታልለው ሸምደዳ ነው። ልጁ የመማሪያ መጽሐፉን ገጽ በቃሉ ይወጣዋል፤ ጣቱ ግን ከቃሉ ጋር አይሄድም። የቀድሞዎቹ የኔታዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። «ሀ ሁ»ን በተርታ የለመደ ልጅ ወደ አቡጊዳ የሚሻገረው የፊደሉ ቅደም ተከተል ሲቀየርበትም መለየቱ እንዲታወቅ ነው፤ ተማሪውም አንድ በአንድ ሳይደመጥ ወደሚቀጥለው አያልፍም ነበር። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪዎች በሚቀመጡበት ሁኔታ መምህሩ ይህን ለማድረግ ጊዜ አያገኝም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ትልቁ ክፍተትም እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

በመሆኑም ልጁ በ2ኛ ወይም በ3ኛ ክፍል የሚገኝ ወላጅ ከዚህ በፊት ያልተማረውን አጭር ጽሑፍ ሰጥቶ ማስነበብና ስለ ምን እንደሚያወራ መጠየቅ ይኖርበታል። ልጁ ከተቸገረ የዓመቱን መጨረሻ ካርድ መጠበቅ አያስፈልግም። በትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት መኖሩን፣ ልጁ የሚገባበትን ቀንና ሰዓት የክፍል ኃላፊ መምህሩን መጠየቅ ይቻላል፤ ምላሽ ካልተገኘ ጉዳዩ ለርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይቀርባል። በብዙ አካባቢዎች ከ7ኛ ወይም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ያልቻለ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚደርስበት ጫና ድርብ ነው።

ትምህርት ቤቶችን ማወዳደር የሚፈልጉ ወላጆች ከአንድ ዓመት ውጤት ይልቅ የአንዱን ትምህርት ቤት የሦስት ተከታታይ ዓመታት ውጤት፣ ከዚያም ጋር በ5ኛ ክፍል የተመዘገቡትንና በቀጣዩ ዓመት ለፈተና የተቀመጡትን ተማሪዎች ብዛት ቢጠይቁ የተሻለ ሥዕል ያገኛሉ።

የ6ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀውና የሚታረመው በክልልና በከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች ነው። የስም ስህተት፣ የውጤት መጉደል ወይም የእርማት ቅሬታ ያለው ወላጅ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ መምጣት ሳያስፈልገው በቅድሚያ ለትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎም ለወረዳው ወይም ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው የተማሪውን ሙሉ ስም፣ የፈተና መለያ ቁጥርና ቅሬታው የሚመለከተውን የትምህርት ዓይነት ቢይዝ ጉዳዩን ለማጣራት ይረዳል።