የይምርሐነ ክርስቶስን ጥድ ማን ጠበቀው?

ባለፈው ወር በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የክርክሩ ምክንያት አንድ ጓደኛችን ከከተማ ይዞት የመጣ የአስጎብኚ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ለውጭ አገር ሰዎች የተዘጋጀ ሆኖ የዐሥራ ሁለት ቀን «ሳፋሪ» ያስተዋውቃል። በመጀመሪያ በአዋሽ ደረቅ የሣር ሜዳ ላይ ሳላና ሰጎን ይታያል፤ ቀጥሎ በአፋር የጨው ሜዳ ላይ ግመልና የፀሐይ መጥለቂያ፤ ከዚያም ወደ ላስታ ተወጥቶ ላሊበላ፤ በመጨረሻም «የግማሽ ቀን ቆይታ በይምርሐነ ክርስቶስ ደን» ይላል። ወረቀቱን እየተቀባበልን ካየነው በኋላ አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ወደ እኔ ዞረና «አንተ የላስታ ሰው አይደለህም እንዴ? ከእናንተ ዘንድ ምን አውሬ ኖሮ ነው ሳፋሪ የሚባለው? አንበሳ አለ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጅብ አለ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ስለ ምን ቢባል የሳቅሁት በገዛ አገሬ ላይ ነበርና።

ቤታችን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ነው። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አናቱ ላይ ጓሳና ጅብራ ይበቅላል፤ ጭላዳው በመንጋ ይሰማራል፤ በዚያው ጓሳ ውስጥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላ አገሪቱ የቀረው ከ500 የሚያንስ ሲሆን፣ በእኛ ተራራ ያለው በጥቂት ዐሥሮች የሚቆጠር ነው። በጎጃም ጮቄ ላይ የነበረው ጨርሶ ጠፍቷል። እኔ በዚያ ተራራ ሥር በግ እየጠበቅሁ ሳድግ ቀበሮው ለእኔ ቀበሮ ብቻ ነበር፤ ድንጋይም ወርውሬበታለሁ። ደኅና አድርጌ ያየሁት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አጎቴ በበቅሎ ጭኖ ያወጣቸው አንዲት አሮጊት ፈረንጅ መነጽራቸውን ሲያውሱኝ ነው። ቀበሮው ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ከአይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሴትዮዋ እንባቸው ይወርዳል። ለምን እንደሚያለቅሱ አጎቴን ብጠይቀው «ብርዱ ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ሳፋሪ» የሚለው ቃል በስዋሂሊ ጉዞ ማለት ነው፤ እነሱም ከዐረብኛ የወሰዱት ነው። አደን ማለት አይደለም፤ በላንድ ክሩዘር ጣሪያ ላይ ቆሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ማለትም አይደለም። ጉዞ ከሆነ ደግሞ ከጨው ሜዳ እስከ ደጋ ደን ያለውን መንገድ እኛ ከማንም ቀድመን እናውቀዋለን። ከአሳሌ የተቆረጠው አሞሌ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ሲራራ ነጋዴውም በአህያና በበቅሎ ተቀብሎ እስከ ሰቆጣ ገበያ ያደርሰው ነበር። ሰቆጣ ማለት ለእኛ ለላስታ ሰዎች ጎረቤት ነው። አያቴ በወጣትነቱ አሞሌ ሊያመጣ ሰቆጣ ይወርድ እንደ ነበር ደጋግሞ አጫውቶኛል። እንግዲህ ወረቀቱ እንደ አዲስ ግኝት ያቀረበው መስመር የአያቴ የገበያ መንገድ ቅጥያ ነው። ልዩነቱ አያቴ አስጎብኚ አልነበረውም።

ስለ አህያ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የቤት አህያ ዘር የተገኘው ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። ይህ የዱር አህያ ዛሬ በአፋርና በኤርትራ በረሃ ጥቂት መቶ ብቻ ቀርቶ የመጥፋት አፋፍ ላይ ይገኛል። ጨው የሚሸከምልን፣ ጭድ የሚያመላልስልን፣ ስንሰዳደብም ስሙን የምንጠራው እንስሳ አባቱ እዚያው ጨው ሜዳ ዳር እያለቀ ነው። ከክፍላችን ውስጥ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የአንበሳን ነገር ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከፊልም ላይ።

ከወረቀቱ ያናደደኝ «የግማሽ ቀን ቆይታ» የሚለው ነው። ይምርሐነ ክርስቶስን ያላየ አንባቢ ቢኖር ቦታው ከላሊበላ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ከላሊበላ በፊት በነገሠው በዛጔው ንጉሥ በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ የተሠራ፣ እንጨትና ልስን ድንጋይ በተራ እየተነባበረ የቆመ፣ የአክሱምን አሠራር የያዘ ሕንጻ ነው። ዕድሜው ከ800 ዓመት ይበልጣል። ከጀርባው በዋሻው ውስጥ ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ሰዎች አጽም ተከምሮ ይታያል። ይህን ሁሉ መጻሕፍት ጽፈውታል። እኔ መናገር የምፈልገው ወደ ዋሻው ከመድረስ በፊት ስለሚታለፈው ነገር ነው።

ከመንደሩ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ ሰው በድንገት ጥላ ውስጥ ይገባል። ጥድና ወይራ ነው። አንዳንዱ ጥድ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ነው። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ ወፉ ይንጫጫል፤ መሬቱ እርጥብ ነው። ወደ ኋላ ዞር ብሎ ቢያዩት ግን ከደኑ ወዲያ ያለው ተራራ ሁሉ አጥንቱ የወጣ ነው። ይህን ደን የከለለ ሽቦ የለም። ያቆመውም በጠመንጃና በደመወዝ የሚሠራ ዘበኛ አይደለም። ባለፈው ዓመት እዚያ የነበሩትን አንድ ሽማግሌ ቄስ «አባቴ፣ ሰው እንዲህ እንጨት ተቸግሮ እያለ ይህን ለምን አይቆርጠውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቄሱ እንደ እብድ አዩኝና «ልጄ፣ ልብሷ እኮ ነው! አንተ የእናትህን ቀሚስ ትገፋለህ?» አሉኝ። በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ስቀመጥ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ የሰማሁት ትምህርት ሁሉ እንደዚያች አንዲት ጥያቄ አልገባኝም።

ይህን የምለው ባላገሩን ለማሞካሸት አይደለም። የቄሱ ልብስ የሚሸፍነው እስከ ቅጥሩ ድረስ ነው። ከቅጥሩ አንድ ክንድ ወጣ ብሎ ያለው ቁጥቋጦ የማንም ስላልሆነ ሁሉም ይቆርጠዋል፤ ቆርጦም ጨርሶታል። ፍየሎቹም ጸበል ጠጥተው ያደጉ አይደሉምና ቅጥሩን አያውቁም፤ ገብተው ለጋውን ችግኝ ይበላሉ። ትልልቆቹ ጥዶች ሲወድቁ የሚተካቸው ካልበቀለ ደኑ ሳይቆረጥ ያልቃል። እምነት ያቆመውን ነገር እምነት ብቻውን ለዘለዓለም ያቆመዋል ብሎ መተኛት ትክክል አይመስለኝም።

ነገር ግን ሌላው መንገድ ምን እንዳስገኘ ደግሞ እንመልከት። የአዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ዩኔስኮ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። (ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ የፖላንድ የጨው ማዕድን መሆኑን ስሰማ አሳሌን አስታውሼ ትንሽ ቅናት አደረብኝ።) ክብሩ ትልቅ ነው። ሆኖም ፓርኮቻችን ሲከለሉ በሣሩ ላይ ለብዙ ትውልድ ከብቱን ሲያሰማራ የነበረውን ሰው ማን ጠየቀው? በአዋሽ ከረዩና አፋር ከግጦሻቸው ተገፉ። ስለዚህ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥና ዘበኛው ሲሸሽ በብዙ ፓርኮች ዙሪያ ያለው ሕዝብ ገብቶ የዘበኞቹን ቤት አፈረሰ፤ ዛፉንም ቆረጠ፤ አውሬውንም ገደለ። ይህን ያደረገው አውሬ ስለሚጠላ አይደለም። አውሬው የመንግሥት ስለ ሆነ ነው። ሰሜን ከ1996 እስከ 2017 (ይኸም በአውሮጳ አቆጣጠር ነው) አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቆየ፤ ከመዝገቡ ከመውጣቱም በፊት የግጭ መንደር ሰዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ።

በዚህ ረገድ የመንዝ ጓሳ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ትምህርት አለው። መንዞች ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳውን «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሲደርስ በስምምነት ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። ቀይ ቀበሮውም በዚያ ተርፏል። ሥርዓቱ ግን በርስት ላይ የቆመ ስለ ነበረ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ አብሮ ፈረሰ። «መሬት ለአራሹ» እያሉ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። እኔ በበኩሌ ትክክል ነበሩ እላለሁ፤ ጭሰኛ ልጅ ሆኖ ይህን የማይል የለም። ነገር ግን ከእነዚያ ብሩህ ልጆች መካከል «ሣሩስ ለማን?» ብሎ የጠየቀ ነበርን? መንዞች ራሳቸው ኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃቸውን መልሰው አቆሙት። ያለ እኛ ምክር ማለት ነው።

በላስታና በመቄትም ተመሳሳይ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆ ሠርተው እንግዳ ማሳደር ጀመሩ፤ መቋት ማርያምና ዋጀላ ከእነዚህ ናቸው። ጎብኚው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ዕቃው በአህያ ይጫናል፤ ገንዘቡም ለማኅበሩ ይገባል። የአቡነ ዮሴፍም ተራራ በአካባቢው ሕዝብ የሚጠበቅ ክልል ተባለ። አጎቴ ከዚህ ሥራ ነበር ሁለት ልጆቹን ያስተማረው። የቀበሮውን ጉድጓድ ያለበትን ቦታ እንደ ቤቱ ደጃፍ ያውቀዋል፤ እረኞች ድንጋይ ሲወረውሩበት ቢያይ ዱላ ይዞ ያባርር ነበር። ቀበሮው የሚበላው አይጥ መሆኑን፣ አይጡም የገብሳችን ጠላት መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ደርሶ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ያ አለቀ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሣ። እንግዳው ቀረ። አጎቴ በቅሎውን ሸጠ። ባለፈው ዓመት ወደ ቤት ስሄድ ከበር አጠገብ አዲስ መጥረቢያ ተደግፎ አየሁ። «ይህ ምንድን ነው?» ስለው ዝም አለኝ። በማግሥቱ ግን አስታ ተሸክሞ ከተራራው ሲወርድ አገኘሁት፤ ዐይኔን ሳያይ አለፈ። እረኞችን በዱላ ያባርር የነበረው ሰው ነው።

አንዳንድ ጓደኞች ይህን አንብበው «ሰው እያለቀ ስለ ቀበሮ ታወራለህን?» እንደሚሉ አውቃለሁ። በክርክሩም ላይ ተብሏል። መልሴ አጭር ነው፤ ያ መጥረቢያ የሰውም የቀበሮም ጉዳይ ነው። አጎቴ ሲበላ ቀበሮው ይኖር ነበር፤ አጎቴ ሲራብ ግን አስታው ይቆረጣል፤ ገብሱ ወደ ጓሳው ይወጣል፤ ከገብሱ ጋር ውሻው ይወጣል፤ ከውሻው ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይወጣል። ቀይ ቀበሮን በመንጋ የሚፈጀው ይኸው በሽታ ነው። ሁለቱን ለያይቶ የሚያይ ሰው ተራራው ላይ ያልኖረ ሰው ነው።

እንግዲህ የማኅበራችን ሹማምንት ስለ ዓመቱ ጉዞ በሚመክሩበት ጊዜ ይህንን እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ። በየዓመቱ አውቶቡስ ተከራይተን ሐይቅ ዳር ሄደን፣ ዓሣ በልተን፣ ዘፍነን እንመለሳለን። መንገዱ ተከፍቶ ሰላም በሆነ ጊዜ ጉዟችን ወደ ላስታ ይሁን። ከላሊበላ ይምርሐነ ክርስቶስ በእግር፣ ከዚያም ወደ አቡነ ዮሴፍ፤ ማደሪያው የገበሬ ቤት፤ የምንከፍለውም ገንዘብ በእጁ ይቆጠርለት። የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የውሻ ክትባት ይዘው ቢመጡ ከእኛ ከሥነ ጥበብ ፋኩልቲዎቹ የበለጠ ይጠቅማሉ፤ እኛም ብንሆን ውሻ ይዘን ማቆም አያቅተንም። የዕፀዋት ተማሪዎች ፍየሉ ያስቀረውን የጥድ ችግኝ ይቁጠሩ። ለቄሱም ጥያቄያቸውን በአዳራሽ ውስጥ ያልመለስንላቸው መሆኑን እኔ እነግራቸዋለሁ።

አንበሳ የጠየቀኝ ጓደኛዬ ስሙን ከወዲሁ አስመዝግቧል። ወፍራም ካፖርት እንዲይዝ ነግሬዋለሁ፤ በቅሎዋ ስለ ተሸጠች ሻንጣውን የሚሸከመው ራሱ ነው።